«ከሁለት ዓመቴ ጀምሮ አስታውሳለሁ»፦ የልጅነት ትዝታ ለቤተሰብ ታሪክ ምን ያህል ይታመናል?

የቤተሰቡን ታሪክ የሚቀርጽ ወጣት በዝቷል። ደብረ ብርሃን፣ መሐል ሜዳ፣ እነዋሪ ወይም አዲስ አበባ ያለ የሰሜን ሸዋ ልጅ ለበዓል አገር ቤት ሲገባ ስልኩን አያቱ ፊት ያስቀምጥና «እስቲ ከልጅነትዎ ይጀምሩልኝ» ይላል። ቀረጻው ቴሌግራም ወይም ቲክቶክ ላይ ሲወጣ ክርክሩ ይከተላል። አንዱ «የሁለት ዓመት ሕፃን ምን ያስታውሳል? ፈጠራ ነው» ይላል። ሌላው «አያቴ አይዋሹም» ብሎ ይቆጣል።

ሁለቱም ወገን የሚከራከረው ስለ እውነተኛነት ነው። ጉዳዩ ግን ከውሸት ጋር ብዙም አይገናኝም። ሰው ያላየውን ነገር አየሁ ብሎ ከልቡ ሊያምን ይችላል። ያየውን ደግሞ ከነአካቴው ሊረሳው ይችላል። ይህ እንዴት እንደሚሆን ማወቅ ለቤተሰብ ታሪክ ጸሐፊ ይጠቅማል። በተለይ ብዙው ነገር በወረቀት ሳይሆን በአፍ በሚተላለፍበት አካባቢ።

ነፍስ ከማወቅ በፊት

አዋቂ ሰው ወደኋላ ሄዶ የሚያገኘው የመጀመሪያ ትዝታ በአማካይ ከሦስት እስከ ሦስት ዓመት ተኩል ባለው ዕድሜ ላይ ይወድቃል። በርካታ ጥናቶች እዚህ አካባቢ ደርሰዋል። ከዚያ በኋላ እስከ ስድስትና ሰባት ዓመት ያለውም ቢሆን ስስ ነው፤ ቁርጥራጭ ነው። የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ይህን ክፍተት የሕፃንነት መርሳት ይሉታል። ሲግመንድ ፍሮይድ ከመቶ ዓመት በፊት አእምሮ የሚያሳፍረውን ነገር ስለሚደብቅ ነው ብሎ ነበር። ዛሬ ይህን ማብራሪያ የሚቀበል ተመራማሪ ጥቂት ነው።

አሁን የሚሰጡት ምክንያቶች ሌላ ናቸው። አንዱ ከአንጎል ዕድገት ጋር የተያያዘ ነው። ሂፖካምፐስ የሚባል የአንጎል ክፍል አለ። የት፣ መቼ፣ ከማን ጋር የሚሉትን ነገሮች አስተሳስሮ አንድ ትዝታ የሚያደርገው እሱ ነው። በሕፃንነት ይህ ክፍል ገና እየተሠራ ነው፤ አዳዲስ ሕዋሳትም በፍጥነት ይጨመሩበታል። በ2014 እ.ኤ.አ. በአይጦች ላይ የወጣ ጥናት እነዚህ አዳዲስ ሕዋሳት ሲበዙ የቆየው ትዝታ እንደሚጠፋ አሳይቷል። የሕዋሳቱ መጨመር ሲገታ ደግሞ ትዝታው ሰንብቷል። በሰው ላይ ይህን በቀጥታ ማረጋገጥ ከባድ ነው፤ ሐሳቡ ግን ሚዛን የሚደፋ ነው።

ሌላው ቋንቋ ነው። በኒውዚላንድ ተመራማሪዎች ለትንንሽ ልጆች አሻንጉሊት «የሚያሳንስ» ማሽን አሳዩ። ከወራት በኋላ ልጆቹን ስለ ማሽኑ ጠየቋቸው። በመሐል ብዙ አዲስ ቃል ተምረዋል። ሆኖም ያዩትን ሲናገሩ የተጠቀሙት ነገሩ በተፈጸመበት ጊዜ የሚያውቁትን ቃል ብቻ ነበር። ያለ ቃል የተቀመጠ ነገር በኋላ በቃል ለማውጣት ያስቸግራል ማለት ነው።

ሦስተኛው የቤት ወሬ ነው። «ትናንት ገበያ ምን አየህ? ከዚያስ? ማን መጣ?» እየተባለ የሚያድግ ልጅ ትዝታው ቀደም ብሎ ይጀምራል። ያለፈ ታሪክን አጥብቀው በሚያወሩት የኒውዚላንድ ነባር ሕዝቦች፣ በማኦሪዎች ዘንድ የመጀመሪያው ትዝታ በአማካይ ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። ከእኩዮቻቸው ቀድመው ማለት ነው። እንግዲህ ሦስት ዓመት ተኩል የማይዘለል አጥር አይደለም። ካናዳዊቷ ተመራማሪ ካሮል ፒተርሰንም አማካዩ ወደ ሁለት ዓመት ተኩል ዝቅ ሊል እንደሚገባ ትከራከራለች። ሰው የመጀመሪያ ትዝታውን ዕድሜ ሲገምት ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ ይገምታል የሚል ማስረጃ አላት። ወላጆች ከሚሰጡት ቀን ጋር ሲነጻጸር «አራት ዓመቴ ነበር» ያለው ሰው ሦስት ዓመቱ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ።

ስለዚህ «በሁለት ዓመት ተኩል ምንም አይታወስም» የሚለው ፍርድ በችኮላ የተሰጠ ነው። «ክርስትና ስነሳ አስታውሳለሁ» የሚለው ግን ሌላ ነገር ነው። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን የሚነሱት ክርስትና በማንም ጭንቅላት እንደ ትዝታ አይቀመጥም።

ያየነውና የነገሩን ሲደባለቅ

በ2018 እ.ኤ.አ. በብሪታንያ ተመራማሪዎች የወጣ አንድ ሰፊ ጥናት አለ። 6,641 ሰዎች የመጀመሪያ ትዝታቸውን ጻፉ። ከእነዚህ 2,487ቱ፣ ከሦስት አንድ በላይ ማለት ነው፣ ከሁለት ዓመትና ከዚያ በታች የሆነ ትዝታ አለን አሉ። 893ቱ ደግሞ አንድ ዓመትና ከዚያ በታች ብለዋል። ተመራማሪዎቹ ከእነዚህ ብዙዎቹ ቆይተው የተገነቡ ናቸው ብለው ደምድመዋል። ሰው ፎቶ ያያል፣ ወሬ ይሰማል፣ የቤቱን ዕቃ ያውቃል። እነዚህ ሲቀላቀሉ ያየው ይመስለዋል።

የልጆችን አስተሳሰብ በማጥናት የታወቀው ስዊዘርላንዳዊው ዣን ፒያዤ ራሱ የዚህ ምሳሌ ነው። በሕፃንነቱ ፓሪስ ውስጥ በጋሪ ሲገፋ ሊሰርቁት የሞከረ ሰው እንደነበረ አጥርቶ «ያስታውስ» ነበር። ሞግዚቷ ስትከላከልለት ፊቷ ላይ የደረሰው ጭረት ሳይቀር ይታየዋል። አሥራ አምስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ሞግዚቷ ለወላጆቹ ደብዳቤ ጻፈች። ታሪኩን የፈጠረችው እሷ ነበረች፤ የተሸለመችውንም ሰዓት መለሰች። ፒያዤ ሲያድግ ቤተሰቡ ሲያወራው የሰማው ነገር ምስል ሆኖ ተቀርጾበት ነበር።

አሜሪካዊቷ ኤልሳቤጥ ሎፍተስ ከባልደረባዋ ጋር በ1995 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ሆን ብላ ሞከረችው። ለ24 ሰዎች ከቤተሰባቸው የተገኙ እውነተኛ የልጅነት ታሪኮች ቀረቡላቸው። ከመሐላቸው አንዱ የውሸት ነበር፦ በልጅነትህ የገበያ አዳራሽ ውስጥ ጠፍተህ ነበር የሚል። ሩብ ያህሉ በሙሉም ሆነ በከፊል አስታወስን አሉ። ጥናቱ ተተችቷል። ናሙናው ትንሽ ነው፤ በከፊል ማስታወስም ማስታወስ ሊባል ነው ወይ የሚል ሙግት አለ። ቢሆንም ታሪኩ ከዘመድ አፍ ሲመጣ ክብደት እንደሚያገኝ መካድ አይቻልም።

ምክንያቱ ትዝታ በተነሣ ቁጥር እንደገና ስለሚሠራ ነው። ዛሬ የምናወራው ትናንት ያወራነውን ይዞ ነው። ቡና ላይ በየዓመቱ የሚደገም ታሪክ ደግሞ ይበልጥ ይለሰልሳል፤ መጀመሪያና መጨረሻ ያገኛል፤ ሳቅ የሚያስነሣ ቦታም ይኖረዋል።

የራስን ትዝታ ከተነገረ ታሪክ በእርግጠኝነት የሚለይ መሣሪያ የለም። ፍንጭ ግን አለ። ታሪኩ ሙሉ ከሆነ፣ አዋቂዎች ለምን እንዲያ እንዳደረጉ ጭምር የሚያብራራ ከሆነ፣ ምናልባት የተነገረ ነው። የሦስት ዓመት ልጅ «አባቴ በድንበር ክርክር ተጣልቶ ነበርና» ብሎ አያስብም። በአንጻሩ ለማንም የማይረባ ቁራጭ ነገር የባለቤቱ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። የኩበት ጢስ ዓይን ሲለበልብ። ባና ፊት ላይ ሲኮሰኩስ። ከመደብ ለመውረድ እግር መሬት ሳይደርስ ሲንጠለጠል። እንዲህ ያለውን ማንም አስቦ ለልጅ አይነግርም።

ዘር ቆጠራው የዘለለው

ሰሜን ሸዋ የዘር ታሪክ ደሃ አይደለም። በመንዝ፣ በተጉለት፣ በቡልጋ ሰባት ቤት ድረስ ቆጥሮ የሚጠራ ሽማግሌ ዛሬም አለ። ቆጠራው የተጠበቀው ግን ለናፍቆት ብቻ አልነበረም። ጥቅም ነበረው። በርስት ሥርዓት አንድ ሰው መሬት የሚጠይቀው ከአቅኚው አባት መወለዱን በእናቱም ሆነ በአባቱ በኩል ቆጥሮ ሲያስረዳ ነው። ቆጠራ የሚችል አዛውንት በችሎት ተፈላጊ ነበር። ለጋብቻም እንዲሁ፤ ሰባት ቤት ሳይራቅ መጋባት ነውር ነው።

የየካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ሲያስቀር ከቆጠራው አንዱ ትልቅ ምክንያት ወደቀ። የጋብቻው ምክንያት ግን ዛሬም አለ። ዛሬ በስልክ የሚቀረጸው የዘር ሐረግ እንግዲህ አንድ ጊዜ የሙግት ማስረጃ የነበረ ነው። ያሳጠረው ቦታ ይኖራል፤ ለመሬት ሲባል የተቀጠለበትም ቦታ አይጠፋም። ይህን አውቆ መስማት ነው።

በዚህ ዓይነት ታሪክ ውስጥ ልጅነት ቦታ አልነበረውም። እገሌ እገሌን ወለደ ይባላል፤ እገሌ በሦስት ዓመቱ ምን እንደፈራ አይባልም። ማንም አይጠይቀውም። ሽማግሌ ባለበት ልጅ ይላላካል እንጂ አይጠየቅም የሚባለው ልማድም የራሱ ድርሻ ሳይኖረው አይቀርም። በእርግጥ ቤቱ እንደ ቤቱ ነው። ማታ እሳት ዳር ተረትና እንቆቅልሽ ከልጅ ጋር የሚጫወት አያት ያለበት ቤት ብዙ ነው፤ ከማኦሪዎቹ ጋር የሚቀራረበው ይሄ ነው።

የመጀመሪያ ትዝታዎች ዋጋ ጎልቶ የሚታየኝ እዚህ ላይ ነው። ቆጠራው በአመዛኙ የወንድ ስም ይደረድራል። የሦስት የአራት ዓመት ልጅ ትዝታ ግን በሴቶች የተሞላ ነው። ያዘለችው አክስት። ጓዳ ገብታ በሶ የምትጨብጥለት አያት። የክርስትና እናቱ። በልጅነቷ ተቀጥራ መጥታ ስታባብለው የከረመችና በኋላ የት እንደደረሰች የማይታወቅ ሞግዚት። ዘር ቆጣሪው አንዳቸውንም ላይጠራ ይችላል። ቤቱ ውስጥ የነበሩት ግን እነሱ ናቸው። አንድ አዛውንት «የመጀመሪያ ትዝታዎ ውስጥ ያዘለችዎ ማን ናት?» ቢባሉ ዘር ቆጠራ የማያወጣው ስም ሊወጣ ይችላል።

ቀኑን ፍለጋ፦ ዘመነ ሉቃስ፣ በልግና የማጀቴ መናወጥ

የልጅነት ትዝታ ትልቁ ድክመቱ ዓመት አለመያዙ ነው። በኢትዮጵያ የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ የጀመረው በ2008 ነው። ከዚያ በፊት ገጠር የተወለደ አብዛኛው ሰው የልደት ወረቀት የለውም። ዛሬ ፋይዳ መታወቂያ ላይ የሚሰፍረው የልደት ቀን ለብዙ አዛውንት ግምት ነው። ዕድሜ ሲጠየቅ ሰው ወደ አምስትና ወደ ዜሮ ማጠጋጋቱም የታወቀ ነው። ስለዚህ «መታወቂያቸው 1945 ይላል፤ እንግዲህ በ1953 ስምንት ዓመታቸው ነበር» ብሎ መደምደም አያዋጣም።

ሰሜን ሸዋ ውስጥ የተሻሉ መቆንጠጫዎች አሉ። አንዱ የወንጌላውያን ዘመን ነው። አራቱ ወንጌላውያን፣ ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስና ዮሐንስ፣ ዓመቱን በተራ ይይዛሉ። ሒሳቡ ቀላል ነው። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ጨምሮ ለአራት ማካፈል። ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልቀረ ዮሐንስ። ዓመተ ምሕረቱን ያልያዘች እናት «በዘመነ ማርቆስ ነው የወለድኩህ» ብላ ልትይዝ ትችላለች። አንድ ቃል አራት ዓመትን ወደ አንድ ያጠብባል።

ወቅትም ይረዳል፤ ግን ያሳስታል። «እሸት እየበላን ነበር» ሲባል ብዙ ሰው ወዲያው ጥቅምትና ኅዳርን ያስባል። በመንዝና በአካባቢው ደጋ ግን የበልግ ገብስ አለ። በልግ ቀንቶት ከሆነ እሸቱ በክረምቱ መግቢያ ላይም ይበላል። ስለዚህ «ውርጭ ነበር ወይስ ዝናብ?» ብሎ መጨመር ያስፈልጋል። ውርጭ ከሆነ ወደ ኅዳርና ታኅሣሥ ይጠጋል።

ከሁሉ የሚጠነክረው ሁሉም ሰው የሚያውቀው ድንገተኛ ነገር ነው። በ1953 ግንቦት መጨረሻ አካባቢ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፍርሷል፤ ካራቆሬ ብዙ ቤት ጥሏል፤ የደሴውን መንገድ ሰነጣጥቋል። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ፣ አዲስ አበባ ላይ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ነበር። በይፋት፣ በኤፍራታና በአንጾኪያ ላደገ ሰው 1953 ጥሩ ምልክት ነው።

እንዴት እንደሚሠራ በምናብ እንሞክረው። አንዲት እናት «ምድር ስትናወጥ እናቴ አዝላኝ ወጣች፤ የተወለድኩት በዘመነ ሉቃስ ነው» ይላሉ እንበል። ከ1953 በፊት ያሉት የሉቃስ ዓመታት 1951፣ 1947 እና 1943 ናቸው። በ1951 ከተወለዱ ሲናወጥ ሁለት ዓመት ገደማ ናቸው። መታዘሉ ይስማማል፤ ማስታወሱ ግን ያጠራጥራል። በ1947 ከተወለዱ ስድስት ዓመት አካባቢ ይሆናቸዋል። ማስታወሱ አያስገርምም፤ መታዘሉ ግን ያጠያይቃል። ለ1943ቱማ አሥር ዓመት ሆኗቸዋል።

ወዲያው አንዱን መምረጥ አያስፈልግም። የሚጠቅመው ጥያቄ ሌላ ነው። «ያኔ ታናሽ ነበረዎት?» ታናሽ ወንድም ተወልዶ ከነበረ ጀርባው የእሱ ነው። እንግዲያ የታዘለው እሱ ሆኖ እሳቸው በእግራቸው እየሮጡ ነበር ይሆናል። ከዓመታት በኋላ ሲወራ የታዘለው ሰው ተቀያይሮ ይሆናል። ታናሽ ካልነበረ፣ መናወጡን የነገራቸው ማን እንደሆነ መጠየቅ ይቀጥላል። እናታቸው ስታወራው ሰምተው ከሆነ ምስክሯ እናቲቱ ናት፤ ታሪኩም በእሷ ስም መጻፍ አለበት።

እዚህ ላይ አንድ የጥናት ውጤት ያግዛል። የታናሽ መወለድና ሆስፒታል መተኛት ከሁለት ዓመት ጀምሮ ሊታወሱ ይችላሉ። የዘመድ ሞትና ቤት መቀየር ደግሞ ከሦስት ዓመት አካባቢ። በሰሜን ሸዋ ልጅ አያት ጋር ተልኮ ማደጉ የተለመደ ስለሆነ ቤት መቀየር ብዙ ሰው ላይ ደርሷል። ከመላኩ በፊትና በኋላ ያለው ቤት በትዝታ ውስጥ ይለያል። አንዱ የድንጋይ ቤት ነው፣ ሌላው ጭቃ። አንዱ በጎች የሚያድሩበት ነው፣ ሌላው አይደለም። ዓመቱ ባይታወቅ እንኳ ቅደም ተከተሉ ይያዛል።

ታዲያ የማይረጋገጠው ይጣል?

ጥንቃቄ የሚያበዙ ሰዎች ከሰባት ዓመት በታች ያለ ትዝታ ከቤተሰብ ታሪክ ይውጣ ይላሉ። መከራከሪያቸው ቀላል አይደለም። የተጻፈ ነገር ሥልጣን ያገኛል፤ የልጅ ልጅ መጽሐፉን ሲያነብ «ምናልባት» የሚለውን ዘሎ «ነበር» የሚለውን ይይዛል። የርስት ነገር ባይኖርም ዛሬም የውርስ፣ የቤትና የማንነት ክርክር አለ። በሦስት ዓመት ልጅ ትዝታ ላይ የተመሠረተ «አጎቴ ደጃችንን ሲያቃጥል አይቻለሁ» ሰው ያጣላል።

ሌሎቹ ደግሞ ማጣራቱ ራሱ ይጎዳል ይላሉ። አዛውንት ሲናገሩ «እርግጠኛ ነዎት?» እየተባሉ ሲቋረጡ ይዘጋሉ። ይህም እውነት ነው። ሰማንያ ዓመት የኖሩ ሰው በሃያ ዓመት ልጅ መስቀለኛ ጥያቄ አይመረመሩም፤ ነውርም ነው፣ ወሬውንም ይገድላል።

እኔን የሚያሳምነኝ መጣሉም ሆነ ሳይለዩ ማተሙ አይደለም። ሲናገሩ ሳያቋርጡ መስማት፣ ሲጽፉ ግን መለየት ይቻላል። ይህን አይቻለሁ፤ ይህን እናቴ ነግራኛለች፤ ይህን ከማን እንደሰማሁ አላውቅም። ሦስቱ ሦስት የተለያየ ክብደት አላቸው፤ ሦስቱም በገጹ ላይ ሊኖሩ ይችላሉ። ሁለት እህትማማቾች አንዱን ቀን በተለያየ መንገድ ካስታወሱት ሁለቱንም መጻፍ ነው። አስታርቆ አንድ ማድረግ የጸሐፊው ፈጠራ ይሆናል። እህትማማቾቹን ለየብቻ ማነጋገርም ይሻላል፤ አብረው ሲቀመጡ ታላቂቱ ትናገራለች፣ ታናሺቱ ራሷን ትነቀንቃለች።

የጥያቄው አነጋገርም ውጤቱን ይለውጣል። «አባትዎ ሲመቱዎት ያስታውሳሉ?» መልሱን ይዞ የመጣ ጥያቄ ነው። «ከቤቱ በር ሲገቡ ምን ይታይዎታል?» ክፍት ነው። ከቀን ይልቅ ከቤቱ መነሣት ይቀላል፦ ምድጃው የት ነበር፣ ማን የት ይተኛ ነበር፣ የትኛው ጥግ ያስፈራ ነበር።

የ2013 እና የ2014 ልጆች

ነገሩ ያለፈ ትውልድ ጉዳይ ብቻ አይደለም። አጣዬ በሚያዝያ 2013 ስትቃጠል፣ በኅዳር 2014 ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትንና ደብረ ሲናን ሲያዳርስ፣ ሦስት አራት ዓመት የነበራቸው ልጆች ነበሩ። ከዚያም በኋላ በግጭት ከቀያቸው የተፈናቀሉ አሉ። የፎቶ አልበም፣ የክርስትና ካርድ፣ የልደት ወረቀት አብሮ የጠፋባቸው ቤቶች ጥቂት አይደሉም።

የእነዚህ ልጆች ትዝታ ጊዜ አለው። በ2014 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የወጣ ጥናት ልጆች በሦስት ዓመታቸው የደረሰባቸውን ነገር ምን ያህል እንደሚይዙ ተከታትሏል። ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ያሉት ከግማሽ በላይ ያስታውሱ ነበር። ስምንትና ዘጠኝ ዓመት ላይ ወደ ሲሶ ወርዷል። ከዚህ ዕድሜ በኋላ ልጁ የሚያወራው እየዋለ እያደረ ጎረቤት፣ ዘመድና ቪዲዮ የነገሩት ይሆናል። እነዚያ ልጆች አሁን እዚህ ደፍ ላይ ናቸው፤ ያለፉትም አሉ።

ስለዚህ እናስቀርጻቸው ማለት ግን አይደለም። የሚያስፈራ ነገር ያየ ልጅን እየጎተጎቱ ማናገር ሊጎዳው ይችላል፤ በጉትጎታ የሚወጣውም ምላሽ አዋቂው ሊሰማ የፈለገውን የመምሰል አደጋ አለው። ልጁ በራሱ ጊዜ ካነሣው መስማት ይቻላል። ቃሉን ሳያርሙ፣ «አይ፣ እሱ እንኳ ሌላ ቀን ነው» ሳይሉ፣ ቀኑንና ዕድሜውን ጽፎ ማስቀመጥ። ወላጅ ደግሞ ያየውን በራሱ ስም ለየብቻ ቢጽፍ፣ ልጁ ሲያድግ የትኛው የእናቱ ዓይን የትኛው የራሱ እንደሆነ መለየት ይችላል።